የዘርሁን ቀኝ እጅ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ዘርሁን ኤርጫፎን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ልብስ አሰፍቶ አያውቅም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ሱሪ ያሳጥራል፤ ዚፕ ይቀይራል፤ እሱ የሰፋው የመዘምራን ጋውንማ ዓመት ቢለበስ እጥፋቱን አይለቅም እየተባለ እስከ ሰርቦ ከተማ ድረስ ይፈለጋል። ይህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። እሑድ ጠዋት ግን ያው ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ይወጣና ጀርባውን ለስምንት መቶ ምእመን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አርባ ዘማሪና ወደ አሥራ አንድ ሙዚቀኛ አዙሮ፣ ከቡና እንጨት ልጦ ያለሰለሳትን ቀጭን በትር ያነሣል። ምእመናኑ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያውቁታል። ለዚህ ይመስለኛል ለራሱ ኮት ሲሰፋ ከደረቱ ይልቅ ለጀርባው የሚጨነቀው።

«ኦርኬስትራ» የሚለውን ስም ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሦስት ቫዮሊን፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም፤ አለቀ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ዘማሪ ይህን ሲሰማ ሳቁን ለመደበቅ ሳል አስመስሎ ነበር። መዝሙሩ ሲጀመር ሳሉ ለቀቀው።

ዘርሁን ጅማ የመጣው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከዱራሜ አካባቢ፣ ከአጎቱ ጋር ነው። ሐሳቡ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ለአንድ የለቀማ ወቅት ሠርቶ መመለስ ነበር። ያ አንድ ወቅት ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነው። ስፌቱን ከአንድ የሄርማታ ሰፈር ልብስ ሰፊ ተማረ። የመዘምራን አመራሩን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ አዲስ አበባ ልካ ለሦስት ወር አስተማረችው። አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን «ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅ የማያወጣው መሪው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሁሉም ድምፅ ዕዳው እሱ ላይ ነው» አላቸው። ዘርሁን ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈ። ደብተሩ የት እንደ ገባ ዛሬ አያውቅም፤ ቃሉን ግን አልረሳም።

ቀኝ እጁ ፍጥነቱን ይይዛል። ወደ ታች ሲወርድ የመጀመሪያው ምት፣ ወደ ጎን ሲሄድ ሁለተኛው፣ ወደ ላይ ሲመለስ ትንፋሽ። ግራ እጁ ስሜቱን ይናገራል። መዳፉ ወደ ላይ ከተገለበጠ ድምፁ ያድጋል፤ ወደ ታች ከዞረ ሕፃን እንደ ተኛበት ቤት ሁሉም ዝቅ ይላል። ከዘማሪዎቹ መካከል ኖታ የሚያነብ ስለሌለ ፍጥነቱም ስሜቱም የተጻፈበት ቦታ የዘርሁን እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ በልምምድ ላይ አንድ ሕግ አወጣ፤ ዓይን ወደ እጅ። ሕጉ እንዲገባቸው ደግሞ ተንኮል ይሠራባቸው ነበር። አንዱን መዝሙር ማክሰኞ በዝግታ፣ ሐሙስ በፍጥነት ያስኬደዋል፤ ቃል መሃል ላይ ድንገት እጁን ያቆማል። እጁ ቆሞ ድምፁን የቀጠለ ሰው ልምምዱ እስኪያልቅ በቁሙ ይቀራል። በአሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ገራቸው። ትንሿ ጣቱ ስትታጠፍ ቫዮሊኖቹ ይለሰልሳሉ፤ ቅንድቡ ሲነሣ ሶፕራኖዎቹ ትንፋሽ ይስባሉ። ኩራቱ ይህ ነበር። ሰው የሚያዘው ደግሞ በሚኮራበት ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ክረምት ሊገባ ሲል፣ በመርፌ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። ዓይኔ ደከመ ብሎ መነጽር ገዛ። መነጽሩን ሲያደርግ በደንብ የታየው ግን ቀዳዳው ሳይሆን እጁ ነበር፤ አየር ላይ ሲይዘው በስሱ ይርገበገባል።

የስፌት ቤቱን የሚጋራው ጠሃ ይባላል። ቤተሰቡ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የሄርማታ ሰው ነው። ሁለቱ ለሃያ ዓመት ጎን ለጎን በሁለት መኪና ሲሰፉ ኖረዋል። ጠሃ ዘርሁን የጨረሰውን አንድ ዩኒፎርም አንሥቶ ወደ ብርሃን አደረገው።

«ያ ዘርሁኔ፣ ይሄ ስፌት ነው ወይስ የገጠር መንገድ?»

«መኪናው ነው።»

«መኪናውን ተወው። ትናንት እኔ ሰፍቼበታለሁ። ማል ታቴ? ምን ሆንክ? እጅህ እኮ ነው አቦ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ጋ ሂድ፣ ኢንሻአላህ ቀላል ነው።»

ዘርሁን እሺ አለ፤ አልሄደም። እሺ ማለት ሳይሄዱ መቅሪያ ጥሩ መንገድ ነው።

በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ኳየሩ አንድ ዝግ ያለ መዝሙር ዘመረ። መጨረሻው ላይ ረጅም ቃል አለች፤ መሪው በትሩን ከፍ አድርጎ እስኪያወርድ ድረስ ሁሉም ድምፁን ይዞ ይጠብቃል። ዘርሁን በትሩን አንሥቶ ያዘ። እጁ መርገብገብ ጀመረ። ጣት ላይ ትንሽ የሆነች ነገር በትር ጫፍ ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች፤ አርባ ዘማሪ የሚያየው ደግሞ የበትሩን ጫፍ ነው። መጀመሪያ የቫዮሊኖቹ ደጋን ተርገበገበ። ከዚያ ማሲንቆው፣ ከዚያ አልቶዎቹ፣ ከዚያ ሁሉም። እጁን እንዲከተሉ ነበር ያስተማራቸው፤ ተከተሉት። ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዘርሁን «አበላሸሁት» ብሎ በትሩን አወረደ፤ ከእፍረት የተነሣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ማዞር አቃተው።

ከኋላው ግን ልቅሶ ሰማ። አንዱ ተንበርክኳል፤ አንዷ እልል ትላለች። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ለይኩን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በስብሰባ ላይ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። እሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ማይኩን ተቀበሉ።

«ወገኖቼ፣ እጁን አያችሁት?» አሉ እንባቸው እየወረደ። «ይህ የሰው ሥራ አይደለም። ዛሬ በዚህ እጅ ላይ መንፈስ ቅዱስ ወረደ!»

ስምንት መቶ ሰው አሜን ሲል «ኧረ እኔ ታምሜ ነው» ለማለት ምን ዓይነት ጉሮሮ ያስፈልጋል? ዘርሁን እንዲህ ያለ ጉሮሮ አልተሰጠውም። ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ ለጥቂት ቀን እሱም አምኖ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይጠላል?

ሚስቱ ልያ አላመነችም። ልያ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ከአንድ ኩንታል መካከል የነቀዘችውን ፍሬ በዓይኗ የምትለቅም ሴት ናት።

«ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችው አንድ ጠዋት። «መንፈስ ቅዱስ ሻይህም ላይ ይወርዳል?»

እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ሁለት እጁን ወደ ፊት አስዘረጋውና ወረቀት ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር መስመር አስሳለው። የዘርሁን መስመር ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። ሐኪሙ ስለ አባቱ ጠየቀው። ዘርሁን አባቱ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲጠጡ ትዝ አለው፤ እርጅና መስሎት ነበር። ሐኪሙም እንዲህ አለው፤ በሽታው አይገድልም፣ ጨርሶም አይለቅም፤ ግን በየቀኑ ጠዋት በሚወሰድ ኪኒን ይረጋጋል። «አንድ ነገር ብቻ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አንዴ ወስደህ አንዴ አትተው። ድንገት ማቋረጥ ልብን ያስጨንቃል።»

በሁለት ሳምንቱ ዘርሁን ክሩን በአንድ ሙከራ አስገባ። ጠሃ መኪናውን አቁሞ «ማሻአላህ!» አለና ሁለት ሻይ አዘዘ። ዩኒፎርሞቹ ቀና አሉ፤ ልያም ቀና አለች።

እሑድ መጣ። ኳየሩ ያንኑ መዝሙር ዘመረ። በመጨረሻዋ ቃል ላይ በትሩ ከፍ ብሎ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም። ድምፁም ጠራ፤ አንድም ሳይሰነጠቅ ወጥቶ ወረደ። ዘርሁን በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ድምፅ አስወጥቶ አያውቅም። በትሩን ሲያወርድ ከኋላው የሰማው ሳል ብቻ ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ ጋሽ ለይኩን ትከሻውን ያዙት። «ወንድም ዘርሁን፣ ቤትህ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው ጋሼ። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው» አሉ፤ ግን እንዲያው አልነበረም። በማግስቱ ጊንጆ ሥራ አገኘች። ከሚስቱ ተጣልቷል አሉ፤ የደንበኛ ጨርቅ አስቀርቷል አሉ፤ ከእስላም ጋር ሱቅ መጋራቱ ነው ያሉም አልጠፉም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ረቡዕ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቱ መጥተው ጸለዩለት፤ ሦስት ቀን እንዲጾምም መከሩት። ቅባቱ እንዲመለስ ነው።

ዘርሁን ጾመ። ከምግቡ ጋር ግን ኪኒኑንም ተወ። እንዲህ ያደረገው አስቦበት ነው ወይስ ባዶ ሆድ ላይ አልወስድም ብሎ? እሱም ራሱን ሲጠይቅ መልሱን ይለዋውጣል። እሑድ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሕዝቡም አለቀሰ፤ ጋሽ ለይኩን አቅፈው ሳሙት።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው ለሁለት ተከፈለ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጤነኛ ልብስ ሰፊ ነው። ዓርብ ጠዋት ኪኒኑን ይተዋል፤ ቅዳሜ መርፌ ላለመንካት ደንበኛ ብቻ ይለካል፤ እሑድ ልቡ ደረቱን እየደበደበው መድረክ ላይ ይወጣል። ሰኞ ደግሞ ኪኒኑን ውጦ ከዜሮ ይጀምራል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዘርሁን ግን በየሳምንቱ ይከብድ ነበር። የሰው ስልክ ሁሉ የእሱን እጅ ቀርጾ ይዞ ይዞራል። የሌላ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት «ያ ወንድም ይምጣልን» እያሉ ይጽፋሉ። በየደብዳቤው የመውጫው በር አንድ ተጨማሪ ቁልፍ የሚገባበት ይመስለዋል።

«ስምንት መቶ ሰው እንዲያለቅስ ብለህ ልብህን ልታቆማት ነው?» ትለዋለች ልያ። «ንገራቸውና ይለይላቸው።»

አንድ ቀን ጨከነና ጋሽ ለይኩን ቤት ሄደ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ነበሩ። ዘርሁን ሳይቀመጥ ነገራቸው፤ እጁ ታማሚ መሆኑን፣ ከአባቱ የወረሰው መሆኑን፣ ኪኒኑን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን፣ ሁሉንም። ጋሽ ለይኩን አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡት። ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ያዕቆብ ከእግዚአብሔር ጋር ታግሎ ሲለቀው አነከሰ አይደል? ሐኪም ቢያየው ጭኑ ወለቀ ይላል። እውነት ነው፣ ወልቋል። ግን ማን ነካው?»

«ጋሼ፣ እኔ ያዕቆብ አይደለሁም። እኔ ኪኒን አለኝ።»

ሽማግሌው «ልጄን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉ። «በቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው አለኝ። ጠንካራ አልነበርኩም፤ ደርቄ ነው። በሐምሌ ያቺን ድምፅ ስሰማ ነው እንባዬ የመጣው። ኪኒንህን ውሰድ፤ እኔ ምን አግብቶኝ እከለክልሃለሁ። እሑድ እሑድን ብቻ ለእግዚአብሔር ተውለት።»

ዘርሁን ከዚያ በረንዳ የወረደው ሲመጣ ከነበረው ይበልጥ ታስሮ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይጣላቸው ነበር። ከሚያለቅስ ሽማግሌ ጋር እንዴት ተደርጎ ይጣላል?

ዝም አይነቅዝም ብሎ ሦስት ወር ዝም አለ። ያን ዝምታ የሰበረችው ታቢታ ናት።

ታቢታ ከሦስቱ ቫዮሊኖች የመጀመሪያውን የምትይዝ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጥሏት አያውቅም፤ ይህን ኳየሩ ሁሉ ያውቃል። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥር ላይ ሰርቦ ለሚደረገው ታላቅ ኮንፈረንስ ሲለማመዱ ውለው ሰው ሲበተን ታቢታ ፊቷ እያበራ ወደ ዘርሁን መጣች።

«ጋሼ፣ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት። መድኃኒቴን ተውኩት።»

«ምኑን?»

«ኪኒኑን ነዋ! ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ምንም አልሆንኩም። የእርስዎን እጅ እያየሁ ለራሴ አልኩት፣ የእሳቸው መንቀጥቀጥ ከጌታ ከሆነ የእኔስ ለምን የሰይጣን ይሆናል? ለምን በኪኒን አፍነዋለሁ?»

ዘርሁን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ውሰጂ ታቢታ። መድኃኒትሽን ውሰጂ።»

ታቢታ ሳቀች። «እርስዎ ይወስዳሉ እንዴ?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከሁለቱና ወንበር ከሚደረድረው ዘበኛ በቀር ማንም የለም፤ ስምንት መቶ ሰው የለም፤ ጋሽ ለይኩን የሉም። ቀኑም ሐሙስ ነበርና ጠዋት የወሰዳት ኪኒን ሆዱ ውስጥ አለች።

«እኔ? አይ» አለ።

ታቢታ እጅ ነሥታ ሄደች። ዘርሁን ከዚያ ወንበር ሳይነሣ ብዙ ቆየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውሸቱን ሰዎቹ ራሳቸው ዋሹት እንጂ እኔ አልዋሸሁም እያለ ይጽናና ነበር። አሁን በገዛ አፉ ዋሸ፤ ያውም ለአንዲት የታመመች ልጅ። ራሱን ጠላ። በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት ልያ ፊት ኪኒኑን ዋጠ፤ ቅዳሜም ዋጠ፤ እሑድም ዋጠ። ሕዝቡ ቀዘቀዘ፤ ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ፤ እሱ ዋጠ። ታቢታን ግን ባያት ቁጥር እውነቱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሰርቦ ላይ በሁሉም ፊት እናገራለሁ፣ ያኔ እሷም ትሰማለች ብሎ ቀጠሮ ያዘ። የፈሪ ቀጠሮ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው።

ኮንፈረንሱ የቡና ለቀማ አልቆ ሰው እጁ ፈታ ሲል፣ ጥር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ዋለ። ድንኳኑ የተተከለው የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ካሉበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከነገለፈቱ የሚደርቀው የጀንፈል ቡና ሽታ እስከ መድረኩ ይመጣል። ሦስት ሺህ ሰው ተቀምጧል ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ኦርኬስትራው ድምፅ ሲያስተካክል ዘርሁን እንደ ልማዱ የሁሉንም እጅ ያያል። የታቢታ ደጋን ክሩ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኗ ተከፍቶ የሚያየው ነገር የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ምት ያህል። ከዚያ ብልጭ አለችና ምንም እንዳልተፈጠረ ደጋኗን ጎተተች፤ ለዘርሁንም ፈገግ አለችለት። ማንም አላየም። እሷም አላወቀችም።

የኳየሩ ተራ ሲጠራ ዘርሁን ወደ ኳየሩ አልዞረም። ማይኩን ይዞ ወደ ሕዝቡ ቆመ። ሰዉ ፊቱን አይቶ የማያውቅ ይመስል አፈጠጠበት።

«ወገኖች፣ ይህቺ እጄ ታማሚ ናት» አለ። ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አሁን የማትንቀጠቀጠው ይህን ስለምወስድ ነው።» ከኮት ኪሱ የኪኒኑን ካርድ አውጥቶ አሳየ። «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። እናንተ እንድታለቅሱ ብዬ ዓርብ ዓርብ እያቋረጥኩ ስታለል... ሳታልላችሁ ኖሬያለሁ። ለሰውም ዋሽቻለሁ። ይቅር በሉኝ። መድኃኒት ያላችሁ መድኃኒታችሁን ውሰዱ!»

ከዚያ ከድንኳኑ መሃል አንዲት ሴት «እጁ ቀጥ አለ! ተፈወሰ!» ብላ ጮኸች። ሃሌ ሉያው ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ።

«አልተፈወስኩም! ኪኒን ነው!» አለ ዘርሁን፤ ማን ይስማው። ጋሽ ለይኩን ወደ መድረኩ ወጥተው ማይኩን በቀስታ ከእጁ ወሰዱት። «ወንድማችን ትሑት ነው» አሉ። «ትሑታንን ጌታ ከፍ ያደርጋል። እንዘምር።» ሽማግሌው እየዋሹ አልነበረም፤ ማመን የሚፈልጉትን እያመኑ ነበር። ዘርሁን እንደሚያለቅስ አወቀና ፊቱን ወደ ኳየሩ አዞረ። ሌላ የሚያዞርበት አልነበረውም።

መዝሙሩን መራ። እጁ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች፤ ዝግ በሚልበት ዘገየች፣ በሚያድግበት አደገች። ያቺ የመጨረሻ ቃል መጣች። በትሩን አንሥቶ ያዘ፤ የበትሩ ጫፍ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁ ግን ተንቀጠቀጠ።

መጀመሪያ አላመነም። እጁን ደጋግሞ አየው፤ አይንቀሳቀስም። ዘማሪዎቹ ግን ይንቀጠቀጣሉ፤ ቫዮሊኖቹም፣ ማሲንቆውም። ልማድ ሆኖባቸው ይሁን፣ ሦስት ሺህ ሰው እየጠበቀ መሆኑን አውቀው ይሁን፣ የቀና ድምፅ ያመጣባቸውን ሳል ፈርተው ይሁን፣ ዓይናቸው ከእጁ ላይ ተነሥቶ ከትከሻው በላይ ወደ ሕዝቡ ሄዷል። በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሱ ይዘምራሉ። ዘርሁን ጣቶቹን ጨብጦ ቁረጡ አላቸው። አልቆረጡም። በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ቀጠሉ፤ ሕዝቡም ያለቅስ ጀመር። የሠራው ነገር ከእጁ አምልጦ በራሱ እግር ይሄዳል፤ እሱ ከፊቱ ቆሞ ባዶ አየር ይጨብጣል።

ከአሥራ አንዱ ሙዚቀኛ አንዷ ብቻ አቆመች። ዘርሁን ሲጨብጥ የታቢታ ደጋን ከክሩ ተነሥቶ ቀረ። ቫዮሊኗን ከአገጯ አውርዳ፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል እጁን እያየች ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሰው ከበበው። እጁን ሊነካ የሚጋፋው በዛ፤ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ግንባር በመዳፉ አስነካች። ከመካከላቸው ወጥቶ ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ሲደርስ ታቢታ ቆማ አገኛት።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት አልወስድም ብለውኝ ነበር።»

«ዋሸሁሽ።»

ታቢታ የሚደርቀውን ቡና አየች። ዘርሁን ጠዋት ያየውን ነገራት፤ ደጋኗ አራት ምት ያህል መቆሙን። አፏን በእጇ ያዘች።

«አልታወቀኝም» አለች። «ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። እንደገና መጀመር ይቻላል?»

«አሁኑኑ ለሐኪምሽ እንደውላለን። ሰኞ ደግሞ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሱቁን ጠሃ ይከፍታል።»

ድንኳኑ ውስጥ ማይኩ ስሙን ጠራ። ወንድም ዘርሁን ወደ መድረክ፤ ሕዝቡ ያቺን መዝሙር ደግሞ ይፈልጋል። ዘርሁን አልተንቀሳቀሰም። ታቢታ ወደ ድንኳኑ፣ ከዚያ ወደ እሱ አየች።

«እርስዎስ? እሑድ እሑድ ይወስዱታል?»

እወስዳለሁ ሊላት አፉን ከፈተና ራሱን አላመነውም። ማይኩ ለሁለተኛ ጊዜ ጠራው።

«ነገ እሑድ ነው» አላት። «ጠዋት ከመድረክ በፊት ነይና ስውጥ እዪኝ።»